በነፍሰ ጡሮች ማሽን የታየ ሳንባ

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ሰበታ ካለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ፖሊሶች ወስደው አንድ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ የላብና የሲሚንቶ ሽታ ነበር። ካቦው፣ ክፍሉን እንዲያስተዳድር ከመካከላችን የተመረጠው እስረኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የመኝታ ቦታ ወለሉ ላይ በከሰል አስምሯል። የእኔን ለካሁት። ሁለት ስንዝር ተኩል ነበር።

ከጎኔ ባለው ቦታ ከደቡብ መጥቶ ግንባታ ላይ የሚሠራ ወጣት ነበር። ሰው ሲሮጥ አይቶ ሲሮጥ ነው የተያዘው። ሲይዙት የጠመንጃ ሰደፍ ግራ ጎኑ ላይ አርፎበታል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጋደም አቃተው። ተቀምጦ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይተነፍስ ጀመር።

«ብርድ ነው» አሉ ከሱሉልታ የመጡ አንድ ሽማግሌ። ሁላችንም ተስማማን። ያለችውን አንዲት መስኮት በካርቶን ደፈንን፤ ጋቢ ደራረብንበት፤ ነጭ ሽንኩርት አስበላነው።

«ጀባዱ ኢልማ ኮ፣ በርታ ልጄ» ይሉታል ሽማግሌው።

አየር ላጠረው ሰው መስኮት መዝጋታችን ዛሬም ያሳፍረኛል። ከንፈሩ ሲጠቁር ካቦው በሩን በጡጫ ደበደበው።

ከዚያ ግቢ እስረኛ የሚወጣው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። የእሱ ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር በአንድ ካቴና ታሰረ። እኔም ጤና ጣቢያ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ደረቱን በሁለቱም በኩል አዳመጠች፤ የአንገቱን ሥር አየች።

«በግራ በኩል ድምፅ የለም። ሳንባው ሳይሟሽሽ አልቀረም። ኤክስሬይ ያስፈልገዋል።»

«ኤክስሬይ ያለው አዲስ አበባ ነው» አለ ያጀበን ሳጅን፣ መፋቂያውን እያኘከ። «ያለ ትእዛዝ አላወጣውም። ደግሞ እያስመሰለ ነው። ስንቱን አይተናል!»

ወጥታ ላፕቶፕ የምታህል የአልትራሳውንድ ማሽን ይዛ ተመለሰች።

«ዶክተር፣ ይሄ የነፍሰ ጡሮቹ አይደለም እንዴ? ልጁ አረገዘ?»

«ቀልዱን በኋላ ይነግሩኛል፣ ሳጅን። አሁን ጠጋ ይበሉ።»

መጀመሪያ የማሽኑን መመርመሪያ ቅባት ቀብታ እኔ ደረት ላይ አሳረፈችው። ቅባቱ ይቀዘቅዛል። ስክሪኑ ላይ በሁለት የጎድን አጥንቶች ጥላ መካከል አንዲት ነጭ መስመር ታየች። በተነፈስኩ ቁጥር ፀሐይ እንዳረፈበት ውኃ እያብለጨለጨች ወዲህና ወዲያ ትሄዳለች።

«ጤነኛ ሳንባ እንዲህ ይንሸራተታል» አለች።

ስልክ መፍታት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። የራሴን ውስጥ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ እሱ ግራ ደረት ወሰደችው። መስመሯ አለች። ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ እሷ ንቅንቅ አትልም።

«ስክሪኑ ስታክ አድርጓል» አልኩ።

ወደ ቀኙ አዞረችው። መስመሯ ሄደች። ወደ ግራው መለሰችው። ቆመች። ከዚያ በጎኑ በኩል በጣት በጣት እየለካች ወደ ታች ወረደች። አንድ ቦታ ላይ፣ አየር ሲያስገባ ግማሿ መስመር ብቻ ተንሸራተተችና ቆመች።

«ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ ጋር የሚነካካው ከዚህ ጀምሮ ነው። ከዚህ በላይ ያፈተለከ አየር ነው። ልቡን ይጫነዋል። ይሄንን ማስመሰል ይቻላል፣ ሳጅን?»

ሳጅኑ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «የእኔም… ይንሸራተታል?» አለ ቀስ ብሎ።

«ይንሸራተታል።»

ወፍራም መርፌ በግራ ደረቱ ላይ፣ ከአንገቱ ሥር ካለው አጥንት ዝቅ አድርጋ ሰካች። ፍስስ አለ። ጎማ ሲተነፍስ ሰምቻለሁ፤ ከሰው ደረት አየር ሲወጣ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። የከንፈሩ ቀለም ዓይኔ እያየ ተመለሰ።

ሳጅኑ ቁልፉን አውጥቶ የልጁን እጅ ፈታ። ባዶውን ቀለበት በእኔ ሌላኛው እጅ ላይ ቆለፈው። «አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ላኩ፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አለ በስልኩ።

ልጁ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረ። «ካርቶኑን አንሱት» አለኝ።

ካርቶኑን አነሳነው። በዚያው ቀን አምስት አዲስ እስረኞች መጡ። ካቦው የልጁን ቦታ በእግሩ አሳየና «ይቺን ማንም እንዳይነካት» አለ። ሌላው ሁሉ በጣት ያህል ተጠጋጋ።

ልጁ ከተወሰደ በአራተኛው ቀን ሳጅኑ ማንም ሳይጠይቀው በሩ ላይ ቆመ። «ያ ልጅ ይተነፍሳል» ብሎ ሄደ።

እስክፈታ ድረስ ቦታዋ ባዶ ነበረች፤ ሁለት ስንዝር ተኩል።

አሁን ሱቄ ቡራዩ ነው። አንዳንዴ ደንበኛ ሲጠፋ መዳፌን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። መንሸራተቱ በእጅ አይታወቅም። ያቺ መስመር ግን እየሄደች እንደሆነ አውቃለሁ።