ደመናን ከላይ ማየት

ከኮምቦልቻ የወጣሁ ማለዳ ያካፋ ነበር። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ አውቶቡሱ ሲነሳ ጃንጥላውን በመስኮት አቀበለኝ። ይኸው ሰመራ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ፣ ለፀሐይ እንጂ ለዝናብ ዘርግቼው አላውቅም። እናንተ ገላችሁን ለመታጠብ ውሃ የምታሞቁ ሰዎች፣ እዚህ ከቧንቧው የሚወርደው እስኪበርድ እንደምንጠብቅ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ቤት ያከራየችኝ ፋጡማ የአፋር ሴት ናት። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ የአየር ትንበያ አልኳት።

«እዚህ? ነገም ይሞቃል ብለሽ ደመወዝ ልትበይ?» አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ።

ከሥልጠና ያመጣሁት አሮጌ ጥራዝ ነበረኝ፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ እያነበብኩ እተርክላት ጀመር። የመጀመሪያዎቹ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች የያዙት የቴሌቪዥን ካሜራ ነበር አልኳት። ፊልም ወደ ምድር የሚያወርድ ስለሌለ ምስሉን እንደ ካሴት ባለ ክር ላይ ቀድተው ያቆያሉ፤ ከመቀበያ ጣቢያ በላይ ሲያልፉ በራዲዮ ይልኩታል። ሳተላይቷ እየተሽከረከረች ስለምትዞር ካሜራዋ ብዙውን ጊዜ ምድርን ትቶ ባዶውን ጠፈር ያይ ነበር፤ በጨለማም አይሠራም። ምድር ላይ ያሉት ባለሙያዎች ደግሞ ይህ የየት አገር ደመና ይሆን እያሉ በእጃቸው ካርታ ላይ ይስሉታል።

ፋጡማ እስክጨርስ ሰማችኝ። «ታዲያ ያየችው ደመናውን ነው ወይስ ዝናቡን?» አለች።

ጥያቄው አስደነገጠኝ። የደመናውን ጀርባ ብቻ ነው አልኳት።

በነሐሴ አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ የሳተላይት ምስሉ ላይ የወሎ ደጋ በሙሉ ነጭ ሆኗል። የዛሬዎቹ ሳተላይቶች በየሩብ ሰዓቱ ስለሚልኩ ደመናው ንቅንቅ እንዳላለ አየሁ። የፋጡማ ወንድም ሁመድ ፍየሎቹን ይዞ አዳይቱ አካባቢ አዋሽ ዳር ሰፍሮ ነበር። ደጋው ላይ የዘነበው ወደ አዋሽ ስለሚወርድ ደወልኩለትና ከወንዙ ራቅ አልኩት። በእሱ በኩል ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሣሩም ያለው ወንዙ ዳር ብቻ ነው። ደረቅ ሜዳ ላይ አውጥቼ በከንቱ ላስርባቸው ወይ አለኝ። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ የማየው የደመናውን ጀርባ ነው።

ያኔ አባቴ ጋ ደወልኩ። ቤታችን አዋሽ ከሚገባው ከቦርከና ወንዝ ሩቅ አይደለም።

«ከትናንት ጀምሮ አላባራም፤ ወንዙ ድልድዩን ሊነካ ነው» አለኝ።

እንደገና ሁመድ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ ሁመድ፣ የነገረኝ አባቴ ነው፤ ውሃው እየመጣብህ ነው» አልኩት። ሳተላይት ሳይሆን ሰው በዓይኑ ካየው እንደሚወጣ ነገረኝ።

በማግስቱ አዋሽ ሞልቶ ሁመድ ሰፍሮበት የነበረውን ቦታ ጠራርጎ ወሰደው። ሁለት የታመሙ ፍየሎች ቀርተውበታል፤ ሌላው ተርፏል። በሳምንቱ ሁመድ ሰመራ መጥቶ ምስሉን አሳዪኝ አለኝ። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰጠሁት፤ አዳይቱን ፈልጎ እስኪያገኝ አልመለሰልኝም።

ሲሄድ አባቴ ጋ ደውዬ፣ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ ሁሉን ነገርኩት። አልሐምዱሊላህ አለ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለመውሊድ ትመጫለሽ ወይ?» አለኝ።

ምስሉ እጄ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ ኮምቦልቻ ባለችበት ደመና ብቻ ይታያል።

«ፈረቃዬን ገና አላወቅኩም፣ አባዬ» አልኩት።