የእኛ ከሰዓት

በዚያ ቀትር የነበርነው አራት ሰዎች ነን። እኔ ሱቁ ውስጥ፣ ከውጭ ተቆልፎብኝ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ። የአንድ ክፍል ደባሌ የሆነው የባጃጅ ሹፌር መንገድ ላይ። የሱቁ ባለቤትም መጋላ ሰፈር ቤቷ ተኝታ። እሷን ኤዶ ነው የምላት፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው።

ኤዶ የምትቆልፍብኝ በክፋት አልነበረም። ድሬ ውስጥ ፀሐይዋ ስትከር ሱቅ ይዘጋል፤ ከተማው እስከ አስር ሰዓት ያርፋል። የእኔና የደባሌ የቆርቆሮ ክፍል ግን በዚያ ሰዓት አታስቀምጥም። ስለዚህ ኤዶ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እንዳነብ ፈቀደችልኝ። በሩ ክፍት ከሆነ ደንበኛ አያስነብብህም ብላ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች።

የማነበው ለአንድ የግል ኮሌጅ ፈተና ነበር። አንደኛ የወጣ በነፃ ይማራል። ምሳዬን ዳቦና ሙዝ ባደርግም፣ ልብስ ሰፊው የሸሚዜን ኮሌታ እየገለበጡ ቢሰፉልኝም፣ የኮሌጅ ክፍያ ከሱቅ ደሞዝ አይወጣም። ያለችኝ በር ያቺ ብቻ ነበረች። ፈተናው «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ» ተባለ። ድሬ ያደገ ሰው ከሰዓት ሲባል የሚታየው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ስንት ሰዓት ብዬ አልጠየቅሁም። ስልኬንም እንዳያዘናጋኝ አጥፍቼው ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ በሩ ተደበደበ።

«ወሪያ! አንተ! እዚህ ምን ታደርጋለህ? በኮሌጁ በር አልፌ መጣሁ፤ ተፈታኞቹ ገብተዋል እኮ!» አለ ደባሌ።

«ከሰዓት አይደል እንዴ?»

«የእኛ ከሰዓት አይደለም አቦ፣ የነሱ ከሰዓት! ፈታኞቹ ከአዲስ አበባ ናቸው!»

በሩን ገፋሁት። ብረት ነው።

«ቁልፉ እሷ ጋ ነው» አሉ ልብስ ሰፊው ከእንቅልፋቸው ነቅተው። «ስልክ እንደሆነ በቀትር አታነሳም። ሂድ ቀስቅሳት።»

«እኔ? ኤዶን በቀትር? ትገድለኛለች!»

«ሽማግሌው ላከኝ በላት። እኔን ትግደለኝ።»

ባጃጇ እየጮኸች ሄደች። ያነበብኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ የወጣ መሰለኝ።

«እስክሪብቶ ይዘሃል?» አሉ ልብስ ሰፊው በበሩ ስንጥቅ።

«ይዣለሁ ጋሼ።»

«ሁለት ያዝ። አንዱ ይከዳል።» በበሩ ስር አንድ እስክሪብቶ ተንከባሎ ገባ። ከዚያ ወዲያም አልሄዱም። ጥላቸው በስንጥቁ ይታየኝ ነበር።

ባጃጇ ተመለሰች። የኤዶ ድምፅ፣ ግማሹ ሶማሊኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ሁለቱንም ሲገስጽ ሰማሁ። ቁልፉ ተንቋቋ፣ በሩ ተከፈተ፣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። ቀኙ ላይ የራሷ ጫማ፣ ግራው ላይ የባሏ ሰፊ ነጠላ ጫማ።

«ቆመህ ምን ታየኛለህ? ሂድ እንጂ!»

ፈታኙ ላቤን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ወንበር አሳየኝ። የራሴ እስክሪብቶ እውነትም መሃል ላይ ከዳኝ። ልብስ ሰፊው በሰጡኝ ጨረስኩ።

አንደኛ መውጣቴን ስነግራት ኤዶ «እሺ» አለች ብቻ። በማግስቱ ግን ብረት ሠሪ አምጥታ በሩ ላይ ከውስጥ መቀርቀሪያ አስገጠመች። ጠዋትና ከአስር ሰዓት በኋላ እየሸጥኩ፣ ቀትር በዚያ መቀርቀሪያ ራሴ ላይ እየዘጋሁ፣ ማታ እየተማርኩ ኮሌጁን ጨረስኩ።

እኔ ግን ያን ቀን ከበሩ ውስጥ ነበርኩ፤ የማውቀው የሰማሁትን ብቻ ነው። ደባሌ፣ ስትቀሰቅሳት መጀመሪያ ምን አለችህ? ጋሼ፣ ስንጥቁ ጋ ቆመው ምን እያሰቡ ነበር? ኤዶ፣ ጫማው መቀላቀሉን መቼ አወቅሽ? የጎደለውን እናንተ ሙሉልኝ።