ገዳይዋ ሚስቱ ናት

ታላቅ ወንድሜ ቡታጅራ ውስጥ በቪዲዮ ቤቶች ዘመን ፊልም አስተርጓሚ ነበር። ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥና የፈረንጆቹን ንግግር በአማርኛ ይነግረናል። እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። ሁሉንም ከራሱ ነበር የሚፈጥረው፤ ሰውም የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ድምፅ ነው።

ከሁሉ የሚወደው ማንም የማያውቀው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። የሬዲዮ ድራማ በቀጥታ እየተላለፈ ተዋናዩ ማይክራፎኑ ፊት ይገደላል፤ አድማጩ ግን የድራማው ክፍል መስሎት ያዳምጣል። የካሴቱ መጨረሻ ተበላሽቶ ስለነበር ገዳዩን ያየ የለም። ወንድሜ ግን ፈረደ፤ ገዳይዋ ሚስቱ ናት፣ አዲስ አበባ ሌላ ሴት እንዳስቀመጠ ደርሳበት።

ዘንድሮ ጉሮሮው ላይ ካንሰር ተገኘ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና እንደሚደረግለት፣ ከዚያ በኋላም ድምፅ እንደማይኖረው በግልጽ ነገሩን። ያንን ፊልም ከነመጨረሻው ከኢንተርኔት ፈልጌ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩና፣ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ከወልቂጤ መጣሁ። እንደ ድሮው ሲተረጉም በስልኬ ልቀዳው፣ ድምፁን ላስቀር ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ድምፁ ቢሻክርም ጀመረ።

«ስሙ ጎበዝ፣ ይሄ ሰውዬ ምሳውን ሳይበላ ነው የሚሞተው!»

ሳቅኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ስቱዲዮው ውስጥ ስትገባ፣ «ይቻትላችሁ፣ ገዳይዋ ሚስቱ መጣች» አለ።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ስህተት ስሰማ አፌ አያርፍም።

«ጋሼ፣ እሷ እኮ እህቱ ናት» አልኩት። «የገደለው ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ነው።»

ዞር ብሎ አየኝ። አልተናደደም፤ አፈረ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ስዋሽ ኖርኩ በለኛ» አለ። «በቃ አስተማሪው፣ አንተው ንገረኝ።»

ብለምነውም አሻፈረኝ አለ። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄደ።

አሁን የሚያወራው በደብተር ነው። ቅጂውን ስከፍተው ለጥቂት ደቂቃ እሱ ይናገራል፣ ከዚያ እኔ እገባለሁ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ፈረንጆቹ ብቻ ያወራሉ። የራሴን ድምፅ ስሰማ ራሴን እጠላለሁ። የሚጠገን ነገር የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ቡታጅራ ሄጄ ዋሸሁት።

«ጋሼ፣ ደግሜ አየሁት» አልኩት። «ለካ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ገዳይዋ ሚስቱ ናት።»

ደብተሩን ሳብ አድርጎ ጻፈና ወደ እኔ አዞረው።

«ያን ቀን መጨረሻውን አይቼዋለሁ። ልክ ነበርክ።»