ሦስቱ የተቀደዱ ገጾች

አጎቴን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የጭነት መኪና ገጭቶ ከገደለብን ወር ሆነ። መርካቶ ጨርቅ ሲሸጡ፣ ብል የበላውን ጫፍ ገዢው ፊት በኃይል ቀደው መሬት ላይ ይጥሉት ነበር። ድምፁ ሁልጊዜ ያስደነግጠኝ ነበር።

ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ለማመልከት ያዘጋጀሁትን ሲቪ አንድ ቀን ሱቃቸው ወስጄ አሳየኋቸው።

«ምን ልትሠሪ ነው የሚቀጥሩሽ?»

«ላስተምር፣ ጋሼ።»

«ማስተማርሽ የታለ?»

«አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከጥናቴ ጋር። ጉራ እንዳይመስልብኝ ብዬ...»

በብረት ሜትራቸው ባንኮኒውን ነረቱት። «ሸማች ብል የበላው ሦስት ጣቃ እስኪገለበጥለት ይቆምልሻል? ደህናውን ከታች ቀብረሽ!»

የሁለተኛ ደረጃ ውጤቴንና የአጫጭር ሥልጠናዎቼን ዝርዝር የያዙትን ሦስት ገጾች ቦጫጭቀው እግሬ ሥር ወረወሯቸው። አለቀስኩ። አራተኛውን ግን በመዳፋቸው ዳብሰው አቃንተው ሰጡኝ። «ይሄ ከላይ ይውጣ።»

እንዳሉት አድርጌ አስገባሁ። ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው።

ይህንንም ማስታወሻ መጀመሪያ የጻፍኩት በአራት ገጽ ነበር፤ ትውልዳቸውን፣ ንግዳቸውን፣ ደግነታቸውን ሁሉ ዘርዝሬ። ዛሬ ሱቃቸው ውስጥ ቆሜ ሦስቱን ቀደድኳቸው። ከባንኮኒው ኋላ የሚጮኽብኝ አልነበረም።