ሳይዘንብ ዳጋ ቤት የተጠለሉት ሴትዮ

ዛሬ በስደት በምንኖርበት ሜይፌር ሰፈር፣ የአገሬው ሰው ዳጋ የሚለውን የሐሺሽ ቅባት ለጉልበቴ ልገዛ ተሰልፌ፣ ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ዞር ሲሉ የዕድራችን ሰብሳቢ ሆነው ቁጭ አሉ!

ባለፈው እሁድ እኔን እያዩ "ዳጋ የሚቀባ ሽማግሌ ዕድሩ አይቀብረውም" ያሉት እሳቸው ናቸው። ሚስቴን የቀበረው ይሄው ዕድር ነው፤ እኔም ከጎኗ ማረፍ እፈልጋለሁ።

ከባድ ወጀብ ይመጣል ሲባል ሌላው ዳቦና ሻማ ይገዛል። ጉልበቱን የሚያመው ግን ወደ ቅባቱ ነው የሚሮጠው።

"እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አልኳቸው።

"ዝናብ ልጠለል ነዋ!"

"ገና መቼ ዘነበና?"

ሻጩ በአገሩ ቋንቋ ሴትዮዋን አያቴ ብሎ ጣልቃ ገባ። "ጎጎ፣ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ብልቃጥ?"

ያኔ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሴትዮዋ ጠጋ ብለው "ዝም ካሉ ዕድሩ ይቀብርዎታል" አሉኝ።

ይኸው፣ ስማቸውን አልጠራሁም! እናንተስ ወጀብ ሲመጣ ሰልፍ ላይ ማንን አገኛችሁ?