የዓርብ አቧራ

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ የአንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበርኩ። ደንቡ ታትሞ የሚመጣው ከላይ ነው፤ አንድ ሰው ስንት መጽሐፍ እንደሚዋስ፣ በስንት ቀን እንደሚመልስ፣ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት። የኔ ሥራ መለጠፍ ብቻ። ዓርብ ቀትር ላይ ግን እኔም አንባቢዎቼም መስጊድ ነን። ስለዚህ ከደንቡ ሥር በእጄ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የመጻሕፍት አቧራ ማራገፊያ ነው።»

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ፣ ኮምቦልቻ የተመደበው አዲስ ካድሬ በሩ ላይ ቆሞ ይቺኑ መስመር ያነባል።

«ጓድ፣ አቧራው ተራገፈ?»

«ተራግፏል፣ ጓድ» አልኩት።

ገባና መደርደሪያውን ዳስሶ የጠቆረ ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ እግሬ ወረደ። ለካ ለሶላት ስታጠብ፣ ለውዱእ ያጠፍኩትን ሱሪ ሳልፈታ ነው የመጣሁት። ወላሂ፣ ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

እስክሪብቶዬን ተቀብሎኝ ወደ በሩ ተመለሰና ከኔ መስመር ሥር መጻፍ ጀመረ። አለቀልኝ ብዬ አንገቴን አስግጌ አነበብኩት። «አቧራው መራገፉን ከኮምቦልቻ የሚመጣ ጓድ በየሳምንቱ ዓርብ ይቆጣጠራል» ይላል። ግራ ገባኝ።

«እጥፋቱን ፍታው፣ ሰው ያያል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ጎንበስ አለና የራሱን ሱሪ እጥፋት ፈታ።