ዋግምት አጋሚዋ ሎቪሳና የጉረኞች አገር

በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ የታኔሊ ኡርፒላ ድንጋይ ቆሟል። ጥቁር ግራናይት ነው፤ በረዶ ሲጥል የሚጠርግለት ሰው አያጣም። ታኔሊ በሕይወቱ አንድ ማሳ አላረሰም፣ አንድ አጥር አላጠረም። ሥራው ሰው መውጋት ነበር። እኛ ግን ዘፈን አወጣንለት፣ ቢላ በስሙ ሰየምንለት፣ በበጋ ገበያ ልጆቻችንን የእሱን ዓይነት ባርኔጣ አድርገን እናስጨፍራቸዋለን። "ጀግና ነበር" ይሉላችኋል ሽማግሌዎቹ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ጀግና! የዚህን ጀግና ሆድ ሦስት ጊዜ የሰፋችው ሴት የት እንደተቀበረች ጠይቋቸው እስቲ። አያውቁም። እኔም ፈልጌ አጣሁ፤ የእንጨት መስቀሏ በስብሶ ወድቋል። ስለዚህ ታሪኳን እጽፋለሁ፤ የሚከፋው ይከፋው።

ሎቪሳ ኬቱላ ዋግምት አጋሚ ነበረች። ዘመኑ ፊንላንድ በሩሲያው ዛር ሥር የነበረችበት ነው፤ እኛ የደቡብ ፖህያንማ ሰዎች ግን ከቢላ በቀር ማንንም አንፈራም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናዋን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆዋን፣ ታነድዳለች፣ የሚያማቸው ይመጣሉ፣ ጀርባቸውን በትንሿ ምላጭ በጥታ ቀንዱን ትተክልና መጥፎውን ደም ትመጥጣለች። ሽማግሌ ወገቡን፣ አራስ ራሷን ይዛ ትመጣ ነበር። እየቆየ ግን ከበሽተኛው የተወጋው በለጠ። የሰርግ ሰሞን ከሆነማ የሳውናው አግዳሚ የሥጋ ቤት ጠረጴዛ ይመስላል። አረቄ ቁስሉ ላይ ታፈስሳለች፣ በሰም የታሸ የተልባ ክር ትስባለች፣ እየተሳደበች ትሰፋለች።

ታኔሊ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አንጀቱ በእጁ ላይ ነበር።

"ማነው እንዲህ ያደረገህ?" አለችው።

"ሦስት ነበሩ፣ እማማ።"

"ቁስሉ አንድ ነው።"

"ሁለቱ ሮጡ።"

"ያንተን አንጀት ሲያዩ ነው የሮጡት። ዝም ብለህ ተኛ!"

መርፌው ሲገባ አልተነፈሰም። እውነት ለመናገር ሕመም ቻይ ነበር። ቁስሉ ሳይደርቅ ግን መንደሩ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ፤ የወጉት ሦስት ጎበዞች አይደሉም፣ የወፍጮ ቤቱ ሎሌ ነው፣ ያውም በድርቆሽ መንሽ። ክሩን ልትመዝዝለት ጠርታው ይህን የሰማው አግዳሚው ላይ ተኝቶ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ። ያ ሁሉ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ! ሎቪሳ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ቆማ አየችው። ቢላውን ችሎ ስም ያልቻለ ሰው በዚያን ቀን አየች፤ አልረሳችውም።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ኤልያስ። አናጢ ነው፣ ቫዮሊንም ይጫወታል። ለብዙ ዘመን ባሕር ዳርቻ ወርዶ መርከብ ሲሠራ ቆይቶ የተመለሰው በዚያው በጋ ነው። የሄዳ ሰርግ ላይ እንዲጫወት ተጠራ። ሄዳ የጎረቤታቸው ልጅ ናት፣ ሎቪሳ ናት ያዋለደቻት።

የእኛን አገር ሰርግ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያልተጠሩትም ይመጣሉ። ፈረሳቸውን ቃጭል አስረው፣ በነሐስ ያጌጠ መታጠቂያቸው ላይ ሁለት ቢላ ሰክተው፣ በሩን ይዘው ይቆማሉ። ለመብላት አይደለም፤ ለመታየት። የሰርጉ ባለቤት አረቄ ያወጣላቸዋል፣ ሙዚቀኛው አንድ የበር ዘፈን ይጫወትላቸዋል፣ ከዚያ ይሄዳሉ። ካልሄዱ መስኮት ይረግፋል። ይሄ ባህላችን ነው ይላሉ። ሌባ በሩን ይዞ ሲቆም አረቄ መቅዳት ባህል ከሆነ፣ ይሁን!

ታኔሊ ሲገባ ገና ቀን ነበር። የገብስ ገንፎው ከነቅቤው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሙሽራዋ የብር አክሊሏን አድርጋ ትጨፍራለች። የሙሽራዋ አባት አረቄውን በሁለት እጁ አቀረበ። ታኔሊ ጨለጠና ጽዋውን ግድግዳ ላይ ወረወረው።

"አንተ ባለቫዮሊን! የእኔን ዘፈን ተጫወት።"

ኤልያስ ቀስቱን አነሣ። "የትኛውን?"

"የእኔን ነው ያልኩህ። የታኔሊን!"

"ይቅርታ ወንድሜ፣ አላውቀውም። ጀምርልኝና እከተልሃለሁ።"

ልጁ እውነቱን ነበር። ዘፈኑ የወጣው እሱ ባሕር ዳርቻ ሳለ ነው። ግን ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ታኔሊ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቢላውን ከኤልያስ ግራ ጎድን ሥር ከተተው፣ ወደ ላይ ገፋው፣ አዞረውም። ኤልያስ ቫዮሊኑ እንዳይሰበር ወደ ጎን ይዞት ወደቀ። ደሙ በወለሉ እንጨት መካከል እየሮጠ ሙሽራዋ ጫማ ሥር ገባ።

ሎቪሳ ከማድ ቤት ስትሮጥ መጣች፣ ጣቶቿን ቁስሉ ውስጥ ከተተች። መርፌ የማይደርስበት ቦታ እንደሆነ በጣቶቿ አወቀች። ልጇ እጇ ላይ ሲቀዘቅዝ ታኔሊ ሌላ ጽዋ ጠየቀ። አባትየውም ቀዳለት። ቀዳለት እኮ!

ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ሰው ገድለሃል ለመባል ሁለት የዓይን ምስክር ያስፈልጋል፣ ካልሆነም የገዳዩ የገዛ አፍ። ቤት ሙሉ ሰው ባለበት የተገደለ ልጅ ምስክር ያጣል? ያጣል። ሎቪሳ ቤት ለቤት ዞረች።

"ሙሽራዋን እያየሁ ነበር፣ እማማ" አለ አንዱ።

"ገንፎውን እያየሁ ነበር" አለ ሌላው።

"አንተ ደግሞ?"

"እኔ ደጅ ነበርኩ፣ ሆዴን አሞኝ።"

"አጥቢያው ሁሉ በአንድ ቀን ሆዱን አመመው?" ብላ ደጁ ላይ ተፋችበት።

እውነቱን እናገራለሁ ያለች አንድ ሰው ብቻ ተገኘች፤ ሙሽራዋ ሄዳ። በማግስቱ የአዲሱ ቤቷ መስኮቶች በሙሉ ተሰበሩ። ቀጥሎ የፈረሷ ሁለት ጆሮዎች ተቆርጠው በሩ ላይ ተቸነከሩ። ባሏ "ተዪው፣ ሴትዮ፣ ያቃጥሉናል" ብሎ ተንበረከከ። እሷ የፈረሱን ጆሮዎች ከበሩ ነቅላ በሽርጧ ቋጥራ ወደ ሎቪሳ ሄደች።

"እመሰክራለሁ፣ እማማ።"

"አንድ ምስክር ግማሽ ነው፣ ልጄ። በግማሽ ይለቁታል። ከለቀቁት ደግሞ አንቺን ይገድልሻል።"

"ሁለተኛውን ከየት እናምጣ?"

ሎቪሳ ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። ቀንዶቿን ታጥብ ነበር።

ችሎቱ የዋለው በአንድ ባለጠጋ ገበሬ ሰፊ ቤት ውስጥ ነው። ዳኛው ከከተማ የመጣ፣ እንደ ባለሥልጣኖቹ ሁሉ በስዊድንኛ የሚያስብ ሰው ነው። ቤቱ ጢም ብሏል፤ "ደጅ ነበርኩ" ያሉት ሁሉ ዛሬ ውስጥ ናቸው። ታኔሊ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከኋላው ኤኖክ ቆሟል፤ የታኔሊ ፈረስ ያዥ፣ አሳማ ሲታረድ አይቶ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው።

ሄዳ ያየችውን ተናገረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

"እኔ ፈረሶቹ ጋ ነበርኩ" አለ ታኔሊ። ሰው ሳቀ።

ዳኛው ወደ ሎቪሳ ዞረ። "ሌላ ምስክር አለሽ?"

"የለኝም፣ ጌታዬ። ግን ክሴን ላርም።" ተነሣች። "ታኔሊ እውነቱን ነው። እሱ አልገደለም። በእንዲህ ያለ እጅ ምን ይገደላል? ሦስት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ፣ ሎሌ በመንሽ የሚወጋው ሰው ነው። ልጄን የገደለው ኤኖክ ነው።"

"እማማ!" ብላ ሄዳ ጮኸች። ሎቪሳ እጇን ጨብጣ አስቀመጠቻት።

ኤኖክ መጀመሪያ እንደ ሊጥ ነጣ። ቀጥሎ ዙሪያውን አየ። ቤት ሙሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። ምድጃው አጠገብ የቆሙት ልጃገረዶች እንኳ አንገታቸውን አስግገዋል። እንዲህ ታይቶ አያውቅም። አውራ ጣቱን መታጠቂያው ውስጥ ከተተ።

"እንግዲህ..." አለ። "ሰው ከነካኝ እኔም..."

"ኤኖክ! አንተ ነህ እንዴ፣ አንተ ድብቅ!" አለ አንዱ ከበሩ።

ሎቪሳ ቀጠለች። እናት ናት፤ ልብ በሉ፣ እናት ናት ይህን የምትናገረው። "ብዙ ቁስል አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ግን አላየሁም። አንድ ምት ብቻ፣ ንጹሕ። እጄን ከትቼ ዳስሼዋለሁ። እንዲህ ያለ እጅ በአጥቢያችን መኖሩን አላውቅም ነበር። ለኤኖክ ዘፈን ይገባዋል። የታኔሊንም ዘፈን ለእሱ ብታዞሩት ያምርበታል።"

"ዝም በይ" አለ ታኔሊ። አንገቱ ቀልቷል።

"ትናገር እንጂ" አለ ኤኖክ። "ማንን ፈርታ?"

"አንተ የፈረስ ጭራ! አፍህን ዝጋ!"

"ምን ያናድድሃል? አንተ ፈረሶቹ ጋ አልነበርክም?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሎቪሳ ታኔሊን ብቻ ታይ ነበር። አግዳሚው ላይ ያየችው ፊት ተመልሶ መጣ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ዘሎ ተነሣ።

"ያ ምት የእኔ ነው! የእኔ! ከግራ ጎድን ሥር፣ ወደ ላይ፣ ከዚያ አዞርኩት! ይህ እንቁራሪት የቢላን አፍና እጀታ ይለያል? እንዲህ ነው ያደረግሁት፣ እንዲህ!" በባዶ እጁ አየሩን ወጋው፣ አዞረው።

ሳቁ ቆመ። የችሎቱ ጸሐፊ ብዕር ብቻ ይፋጭ ነበር።

"ድገመው" አለ ዳኛው።

ብልጥ ሰው ዝም ይላል። የእኛ ሰው ነዋ! "እደግመዋለሁ!" አለና ይበልጥ ጮኾ ደገመው።

በሰንሰለት አስረው ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ደቡቡ እስር ቤት ሲወስዱት ጎረምሶቹ ባርኔጣቸውን እየወረወሩ ሸኙት። እሱም ጋሪው ላይ ቆሞ ዘፈኑን ለቀቀው። ሎቪሳ መንገድ ዳር ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ልጇ ባለማወቁ የሞተበትን ዘፈን የሰማችው ያን ቀን ነው። መጥፎ ዘፈን ነው፤ ግጥሙ ቤት አይመታም፣ ዜማው ይሰለቻል። ዛሬም የምንዘፍነው እሱኑ ነው።

ኤኖክን በማግስቱ ጎረምሶቹ ቀጠቀጡት፤ ሁለት ጥርሱን አጣ። ሎቪሳ ዘንድ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተኛ። "ለአንድ አፍታ ግን አዩኝ፣ እማማ" አላት። ድድ የሚሰፋ ባይሆንም ደሙን አቆመችለት። በእሱም ነፍስ ተጫውታ ነበር፤ ታኔሊ ባይነሣ ማን በሰንሰለት እንደሚሄድ ታውቃለች። ይህንን የምለው ጻድቅ ላደርጋት ስላልፈለግሁ ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት የተወጉ ጎረምሶች ደጇ ላይ ይጠብቋት ነበር። ምንም አልተለወጠም! ያኔ ሕግ አወጣች። ሄዳን ጠርታ አግዳሚው አጠገብ አስቀመጠቻት።

"ማነው የወጋህ?"

"ወድቄ ነው።"

"ለወደቀ ሰው መርፌ የለኝም። ስሙን ተናገር፣ እኔም ሄዳም እንስማ። ሁለት ጆሮ ነን፣ ያንተን ቃል ይዘን ችሎት እንቆማለን። ስም ከሌለ ክር የለም።"

አንደኛው ረገማት፣ ሆዱን ይዞ ወጣ። በማግስቱ ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኙት፣ እጁ ሆዱ ላይ ደርቋል። እናቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሎቪሳን ፊቷን ቧጨረቻት። "ገዳይ!" አላት መንደሩ። ለታኔሊ ያላለውን ቃል ለእሷ አለ። መስኮቶቿን ሰበሩ፣ ሳውናዋን አንድ ጎኑን አቃጠሉት። እሷም በቀረው ጎን ምድጃዋን አነደደች፤ ሕጉን ግን አልሻረችም። ልክ ነበረች? የማይሰፋ እጅ ገዳይ ነው የሚል ይኖራል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ አረቄ የቀዳው እጅስ?

በዚያው ሰሞን አንድ ልጅ እግር ጉንጩ ከጆሮው እስከ አፉ ተተርትሮ መጣ። በተከፈተው ጉንጭ ጥርሱ ይታያል። ሎቪሳ ክሩን መርፌው ውስጥ አስገብታ አየር ላይ ያዘችው። ሄዳ ሹራቧን ትሠራለች። ደሙ ከአግዳሚው ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል። ልጁ መርፌውን አየ፣ በሩን አየ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"ወንድሜ ነው" አለ።

"ሄዳ፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

መርፌው ገባ።